ለሽማግሌዎች ጆሮ

ጠጋ በሉ። በዘረመልና በአእምሮ ጤና ምርምር ሰፈር ውስጥ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ወደ ውጭ ወጥተን ግን በቅጡ ያልተናገርነውን ነገር ልንገራችሁ። “የድብርት ዘረመል ተገኘ” እየተባለ በጋዜጣና በራዲዮ የሰማችሁት ዜና እኛ ዘንድ ከወደቀ ቆይቷል። መገኘቱን ያወጁት ሁሉ ግን መውደቁን አላወጁም።

ነገሩ የጀመረው በ2003 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኒውዚላንድ ውስጥ ዱኒዲን በተባለች ከተማ ከተወለዱ ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው የቆዩ 847 ወጣቶች ተመረመሩ። ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር የሚያመላልሰውን ፕሮቲን የሚያሠራ አንድ ዘረመል አለ። የዚህን ዘረመል አጭር ዓይነት የወረሱት ወጣቶች፣ መከራ ሲደርስባቸው ከሌሎቹ ይልቅ በድብርት ይያዛሉ ተባለ። ውጤቱ ሳይንስ በተባለው ታላቅ መጽሔት ላይ ወጣ። ዘርንና ኑሮን ያስታረቀ ግኝት ስለነበር ሁሉም ወደደው። በዚሁ በአንድ ዘረመል ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተከተሉ፤ ሰው ዶክትሬቱን ሠራበት፣ የምርምር ገንዘብ አገኘበት፣ ፕሮፌሰር ሆነበት።

በ2019 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዝነኛ የነበሩትን 18 “የድብርት ዘረመሎች” ወስደው በብዙ ሰዎች መረጃ ፈተኗቸው። ትልቁ ናሙና ከ443 ሺህ ሰዎች በላይ ነበር። 18ቱ ከሌሎቹ ተራ ዘረመሎች የተሻለ የሚናገሩት ነገር አልተገኘም።

ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሳይታወቅ ቆየ? የውስጡን አሠራር ልንገራችሁ። ናሙናው ትንሽ ነው። ተመራማሪው በጠቅላላው ሰው ላይ ያላገኘውን በሴቶች ብቻ ይፈልገዋል፤ በሴቶች ካጣው በወጣቶች ይሞክራል፤ ከዚያም በልጅነታቸው በተጎዱት። ከእነዚህ ሁሉ ሙከራዎች በአንዱ ቁጥሩ በአጋጣሚ ይሰምርለታል፤ የሚታተመውም ያ ነው። “ምንም አላገኘንም” የሚለው ጽሑፍ መጽሔቶች ስለማይወዱት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሐሰት ልጻፍ ብሎ የተነሳ ሰው አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ትንሽ ምርጫ ያደርጋል፤ ሲደመር ግን የሌለ ነገር ያለ መስሎ ይቆማል። በስብሰባ ላይ በሻይ ሰዓት ይህን የሚያወራ ብዙ ነው። መድረኩ ላይ ሲወጣ የሚደግመው ግን ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር።

ዝምታው ዋጋ አስከፍሏል። በ2009 ኢጣልያ ትሪየስቴ ውስጥ አንድ የይግባኝ ዳኛ ሰው በገደለ ሰው ላይ የተፈረደውን እስራት በ1 ዓመት ቀነሰ። ከምክንያቶቹ አንዱ ተከሳሹ በዚሁ ዓይነት ጥናት ከቁጡነት ጋር ተያይዞ ስሙ የሚነሳ አንድ የዘረመል ዓይነት ተሸክሟል የሚል ነበር። ያንኑ ማስረጃ ይዞ ሌላ ዳኛ “ይህ ሰው ተፈጥሮው አደገኛ ነውና አይፈታ” ቢል ማን ይከለክለዋል?

ዘር ከጠባይ ጋር አይገናኝም ማለቴ አይደለም፤ ይገናኛል። በ2015 የግማሽ ምዕተ ዓመት የመንትዮች ጥናት ተሰብስቦ፣ 14.5 ሚሊዮን ጥንድ መንትዮች ተቆጥረው፣ በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት የውርስ ድርሻ በአማካይ 49 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ግን ጠባያችሁ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከወላጅ መጣ ማለት አይደለም። የሚናገረው በአንድ ቦታና ዘመን በሚኖሩ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ሁሉም ልጅ እኩል ትምህርት ቤት በሚያገኝበት አገር የውርስ ድርሻ ከፍ ይላል፤ አንዱ ፊደል እየቆጠረ ሌላው ከብት በሚጠብቅበት አገር ዝቅ ይላል። ዘረመሉ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ በ2018 ከአይስላንድ የወጣው ውጤት ነው። ወላጆች ካሏቸው ዘረመሎች ግማሹ ብቻ ነው ወደ ልጅ የሚያልፈው። ተመራማሪዎቹ ያላለፈውን ግማሽ ለይተው ቢያዩት እሱም ልጁ በትምህርት ምን ያህል እንደሚገፋ ይጠቁማል፤ ጉልበቱ ከተላለፈው 30 በመቶ ያህል ነው። ወላጅ በራሱ ጠባይ ቤቱን ይሠራል፣ ቤቱ ደግሞ ልጁን ያሳድጋል። በደም የመጣ የሚመስለን ነገር ከፊሉ በአስተዳደግ የመጣ ነው።

እነዚህ ሁሉ ጥናቶች የኛን ሰው ብዙም አላዩትም። በ2019 በተደረገ ቆጠራ በታላላቆቹ የዘረመል ጥናቶች ከተሳተፉት 79 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ነበሩ። ክፍተቱን ለመሙላት ኒውሮጋፕ-ሳይኮሲስ የተባለው የአእምሮ ሕመም የዘረመል ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ34 ሺህ ሰዎች በላይ ለማሳተፍ ተነሳ፤ እኛ ጋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለበት። ተሳታፊው የሚሰጠው ምራቁን ነበር። ከመፈረሙ በፊት የተነገረው በትክክል ገብቶት እንደሆነ በጥያቄ ይረጋገጥ ነበር። ሥራው ትልቅ ነው፤ ሙሽራ የሚያስጥል ምርመራ ግን አይወጣውም።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ዘር ይቆጥራል፤ በጎን ደግሞ “በቤታቸው አእምሮውን የታመመ አለ ወይ?” ተብሎ በጆሮ ይጠየቃል። ይህን ፈርተው ስንት ቤተሰቦች የታመመ ልጃቸውን ከእንግዳ ይሸሽጋሉ፣ የእህቶቹ ዕድል እንዳይዘጋ ብለው ሕክምናውን ያዘገያሉ! እንግዲህ ስኪዞፍሬንያ ስለተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የምናውቀውን ስሙ። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ100 ሰው 1 ያህሉ በዕድሜው ይታመማል። ወንድሙ ወይም እህቱ ለታመመበት ሰው ዕድሉ ከ100 ወደ 10 ይጠጋል፤ 90ዎቹ በዚህ በሽታ አይያዙም። ከታማሚው ጋር አንድ ዓይነት ዘረመል ካላቸው መንትዮች እንኳ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ሳይታመሙ ይኖራሉ።

በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከበሽታው ጋር የሚገናኙ 287 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ስጋት ኢምንት ነው፤ በሕዝቡም ውስጥ በስፋት ተበትነው ይገኛሉ። ሽማግሌ ልኮ የሚያስጠይቀው የሙሽራው ቤትም ከእነዚሁ ብዙዎቹን ተሸክሟል።