ማድረቂያው ይዞራል፣ ግን አያሞቅም
ያገለገለ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ገዢ ምን መመርመር አለበት?

በአዲስ አበባ ላውንደሪ ለመክፈት፣ ወይም ለእንግዳ ማረፊያና ለመካከለኛ ሆቴል የራሱን ማጠቢያ ክፍል ለማቋቋም የሚያስብ ባለሀብት ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በማጠቢያው ሳይሆን በማድረቂያው ነው። በበጋ ፀሐይ አለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ሊያድር ይችላል። ክረምት ላይ ደንበኛ የሚሸሸውም ማጠብ ካቃተው ቤት ይልቅ ማድረቅ ካቃተው ቤት ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር እጅጉን ወርዷል። አዲስ ማሽን ማስመጣት ከባድ ሲሆን ዓይን ወደ ያገለገለው ዕቃ ማማተሩ አይቀርም። ያገለገለ ማድረቂያ ሲሸጥ ደግሞ ማሳያው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ይሰካል፤ ቁልፉ ይጫናል፤ ልብስ የሚገባበት ከበሮ መዞር ይጀምራል። ደላላው «ይኸው፣ ይሠራል!» ይላል። ገዢውም ድምፁን አዳምጦ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ችግሩ ይህ ማሳያ ስለ ማሽኑ ዋና ሥራ፣ ማለትም ስለ ማድረቅ፣ ምንም የማይናገር መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ማድረቂያው ውስጥ ምን አለ? ነገሩን አቅልለን ስናየው ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይከናወናሉ። አንደኛው ከበሮውንና የአየር ማራገቢያውን የሚያዞረው ሞተር ሲሆን፣ ፍላጎቱ ጥቂት መቶ ዋት ነው። ሁለተኛው ጠጋኞች «ሬዚስታንስ» የሚሉት የማሞቂያ ሽቦ ነው። ይህ በአውሮፓ ስሪት የቤት ማሽኖች ከ2,000 እስከ 2,500 ዋት ግድም፣ በአሜሪካ ስሪቶቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ5,000 ዋት በላይ ይወስዳል። የአሜሪካው ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ይበልጣል ማለት ነው። ሁለቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኙበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ የማሞቂያው መንገድ ቢቋረጥም ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ይቀጥላል።

የአሜሪካ ማሽን በ220 ቮልት ገበያ

ከአሜሪካ ጓዙን ጠቅልሎ በሚመለስ ወገን እጅ ወይም በኮንቴይነር የሚገባው ማድረቂያ ለብቻው መታየት አለበት። በአሜሪካ ቤቶች ለማድረቂያ የሚዘረጋው መስመር ሁለት የ120 ቮልት ገመዶችና አንድ ኒውትራል አለው። ሞተሩ፣ ሰዓቱና መብራቱ ከአንዱ ገመድ 120 ቮልት ይወስዳሉ። ሬዚስታንሱ ግን ሁለቱን ገመዶች አንድ ላይ፣ ማለትም 240 ቮልት ይፈልጋል። እዚያው አገር እንኳ ከሁለቱ አንዱ ሲቋረጥ ከበሮው እየዞረ ልብሱ እንደረጠበ ይቀራል። የአሜሪካ ጠጋኝ «አያሞቅም» ሲባል ማሽኑን ከመፍታቱ በፊት ብሬከሩን የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሽኑ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያገኘው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ባለቤቱ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይገዛና ማሽኑን በሙሉ በዚያ ይሰካዋል። ሞተሩ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ማሽኑ ጤነኛ ይመስላል። ሙቀቱስ? የሬዚስታንስ ኃይል የሚወርደው በቮልቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለ240 ቮልት የተሠራ የ5,400 ዋት ሬዚስታንስ በ110 ቮልት የሚሰጠው 1,134 ዋት ብቻ ነው። የተለመደ ማድረቂያ አንድ ሊትር ውኃ ለማውጣት፣ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይፈልጋል ብንል፣ አራት ሊትር ውኃ የያዘ ልብስ በሙሉ ኃይል 45 ደቂቃ ያህል የሚፈጅበት ሲሆን በዚህ ሁኔታ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል። በቀን ስምንት ዙር አደርቃለሁ ብሎ ሒሳቡን የሠራ ላውንደሪ ሁለት ዙር ያገኛል። የቤት ኪራዩና የሠራተኛ ደመወዙ ግን በስምንት ዙር ሒሳብ ይከፈላል።

እዚህ ላይ ነው ጠጋኙ መጥቶ «ሬዚስታንሱ ደክሟል» የሚለው። የማሞቂያ ሽቦ አይደክምም፤ ወይ አለ ወይ ተቆርጧል። አዲስ ሬዚስታንስ ተገዝቶ ቢገጠምም ያው 1,134 ዋት ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ማሽኑን ለሁለት መመገብ ነው። ሞተሩና ሰዓቱ በትራንስፎርመር፣ ሬዚስታንሱ በቀጥታ ከ220 ቮልት መስመር ያገኛሉ። በዚህ አሠራር ያው ሬዚስታንስ ወደ 4,500 ዋት ይሰጣል። ይህም ከ20 አምፔር በላይ ስለሚስብ የ16 አምፔር ሶኬት አይችለውም፤ የራሱ ኬብልና ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ሥራውም ለባለሙያ ይተው። ባለሙያውንም ቢሆን አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ይገባል። የማሽኑ ሥዕል «ሁለት ገመድ» ስለሚል ከስሪ ፌዝ ቆጣሪ ላይ ሁለት ፌዝ ተወስዶ ቢሰጠው፣ የሚደርሰው 240 ሳይሆን 380 ቮልት ነው። ያኔ ሬዚስታንሱ ከ13,000 ዋት በላይ ልስጥ ይልና ወዲያው ይቃጠላል፤ ዕድል ከጎደለም ብቻውን አይቃጠልም።

የኸርዙም ነገር አለ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ግድም ይቀንሳል፤ ማራገቢያው የሚገፋው አየርም አብሮ ያንሳል። ይህ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የሳዑዲ ዓረቢያ መስመርም 60 ኸርዝ ሲሆን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 50 ኸርዝ ነው። «ከዓረብ አገር የመጣ ነው፣ 220 ነው» መባሉ ስለዚህ በቂ መልስ አይሆንም። ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ማንበብ ከደላላ ምስክርነት ይሻላል።

ከአሜሪካ ከሚመጡት መካከል ሌላም ወጥመድ አለ። ከፊሎቹ በጋዝ የሚሠሩ ናቸው። ከፊት ሲታዩ ከኤሌክትሪኩ አይለዩም፤ ኤሌክትሪክ የሚወስዱት ግን ለሞተሩና ለመለኮሻው ብቻ ነው። ሲሰኩ ይዞራሉ፤ ጋዝ እስካልተቀጠለላቸው ድረስ ግን በፍጹም አያሞቁም። የሚለዩት ከጀርባቸው በሚታየው የጋዝ ቱቦ መግቢያና እንደ ተራ ዕቃ በቀጠነው ገመዳቸው ነው። ማቃጠያቸው በፋብሪካ የተስተካከለው በአብዛኛው ለቧንቧ የተፈጥሮ ጋዝ በመሆኑ፣ በሲሊንደር ጋዝ እንዲሠራ የራሱ መለወጫ ዕቃና ዐዋቂ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነም ማቃጠያው ለስስ አየር መስተካከል ይኖርበታል። ዋጋው ረክሶ የተገኘ የጋዝ ማድረቂያ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

አየር ሲታፈን

ቮልቱ ትክክል ሆኖ ማሽኑ ካላሞቀ ቀጥሎ የሚጠረጠረው አየር ነው። ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ ወንፊቱን አልፎ በማስወጫው ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። አየር ሲታፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣና ሬዚስታንሱ አጠገብ የተገጠመው መቁረጫ ቴርሞስታት ወይም የሙቀት ፊውዝ መስመሩን ይቆርጣል። ፊውዙ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። በአንዳንድ ሞዴሎች ሞተሩም አብሮ ይቆማል፤ በሌሎቹ ግን ከበሮው እየዞረ ሙቀቱ ብቻ ይጠፋል።

የሙቀት ፊውዝ ትንሽና ቀላል ዕቃ ነው። መለዋወጫው ሲጠፋ ግን ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ ፊውዙን መዝለል «ዘዴ» ተደርጎ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። ማሽኑ ወዲያው ይሞቃል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ፊውዙን የቆረጠው የታፈነ ቱቦ ግን እንዳለ ነው፤ ቀጥሎ የሚቆርጠው ነገርም የለም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በመኖሪያ ሕንፃዎች በዓመት 2,900 ያህል የማድረቂያ እሳት ቃጠሎዎች መድረሳቸውንና የ35 ሚሊዮን ዶላር ንብረት መውደሙን፣ ከመንስኤዎቹም ቀዳሚው ማሽኑን አለማጽዳት መሆኑን ገልጿል። የሰው ልብስ በአደራ ተቀብሎ የሚሠራ ነጋዴ ይህንን «ዘዴ» የሠራ ጠጋኝ ሁለተኛ ባይጠራ ይመረጣል።

ሬዚስታንሱ ራሱ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለና ሽቦዎቹ ከተለቀቁ በኋላ በቴስተር ይለካል። የአሜሪካው 5,400 ዋት 11 ኦም ግድም፣ የአውሮፓው 2,500 ዋት 20 ኦም ግድም ማሳየት አለባቸው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቆርጧል። በሬዚስታንሱና በማሽኑ ቆርቆሮ መካከል ንባብ ከተገኘ ደግሞ ሽቦው አካሉን ነክቷል፤ ይህ ሰው የሚይዝ ብልሽት ስለሆነ ማሽኑ ጨርሶ መሰካት የለበትም። ፊውዙም ሬዚስታንሱም ደህና ከሆኑ የሞተሩ ማብሪያ ይቀራል። ሞተሩ ፍጥነቱን ሲይዝ ለማሞቂያው መስመር የሚከፍተው እሱ ነው። አንዳንዴም ጥፋቱ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ሆኖ፣ አየር ብቻ የሚነፍሰው ፕሮግራም ተመርጦ ይገኛል።

ቱቦ የሌላቸውና ውኃውን በሣጥን የሚያጠራቅሙት የአውሮፓ ማሽኖች ጠባያቸው ትንሽ ይለያል። ከእነዚህ ውስጥ በሂት ፓምፕ የሚሠሩት፣ እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ያላቸው፣ በተፈጥሯቸው ለብ የሚሉ እንጂ የሚያቃጥሉ አይደሉም። ልብሱ እየደረቀ ከሆነ «አያሞቅም» ተብሎ ዋጋ ማስቀነስ አግባብ አይደለም፤ ጋዙ ወጥቶበት ከሆነ ግን ጥገናው ከፍሪጅ ጥገና አይቀልም።

በስሪ ፌዝ የሚሠሩ ትልልቅ ማሽኖች ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከግቢው መስመር ነው። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ ሙቀቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ሞተሩ በሌላው ፌዝ ላይ ከሆነ ከበሮው መዞሩን አያቆምም። ሞተሩም ስሪ ፌዝ ከሆነ በሁለት ፌዝ እየተንገታገተ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ፌዝ ሲጠፋ የሚያቋርጥ መከላከያ ማስገጠም ከሞተር ማስጠቅለያ ወጪ ያድናል።

አንዳንዴ ደግሞ ማድረቂያው የሚከሰሰው በማጠቢያው ጥፋት ነው። 7 ኪሎ ደረቅ የጥጥ ልብስ በደቂቃ 1,400 ዙር ሲጨመቅ 3.5 ሊትር ግድም ውኃ ይዞ ይወጣል። ማጠቢያው አርጅቶ በ800 ዙር ብቻ ከጨመቀ ውኃው ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። ማድረቂያው 40 በመቶ ተጨማሪ ሥራ ተጣለበት ማለት ነው፤ ውኃን በሙቀት ማውጣት ደግሞ በመጭመቅ ከማውጣት እጅግ ውድ ነው።

እንግዲህ ሽያጭ ላይ የሚቆም ገዢ ሁለት ነገር ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል። አንዱ ገመድ ሳይቆረጥ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር ነው፤ መያዝ ያለበት ግን የተለያየውን አንዱን ሽቦ እንጂ ሙሉውን ገመድ አይደለም። የአውሮፓ የቤት ማሽን ከበሮው ብቻ ሲዞር ሁለት አምፔር እንኳ አያስነብብም፤ ሙቀቱ ሲገባ ንባቡ ወደ አሥርና ከዚያ በላይ መዝለል አለበት። ካልዘለለ ደላላው ምንም ቢል ማሽኑ እያሞቀ አይደለም። ይህ ለሂት ፓምፕ አይሠራም፤ እሱ የሚፈተነው በሁለተኛው መንገድ፣ በሚዛን ነው። የተጨመቀ እርጥብ ፎጣ ተመዝኖ ይገባል፤ ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ይሠራል፤ ፎጣው እንደገና ይመዘናል። የ2,500 ዋት ማሽን በዚህ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ብዙም ያልራቀ ውኃ ማውጣት አለበት። ሻጩ ለግማሽ ሰዓት ሙከራ ጊዜ የለኝም ካለ፣ ዋጋው ላይ መወያየት ያለበት እንደማይሞቅ ማሽን ነው፤ የደላላው ኮሚሽንም ከሚዛኑ በኋላ ቢከፈል ይመረጣል።