ቴፑ ሲሻክር ቴፑን ብቻ አትጠርጥሩ

ሙዚቃ እየሰማችሁ ነው። ትናንት ጥርት ብሎ የነበረው ድምጽ ድንገት ይሻክራል። ከበሮው በመታ ቁጥር ስፒከሩ «ጥርርር» ይላል፤ ዘፋኙ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምጹ ይጎረንናል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ያው ነው። መጀመሪያ በመዳፋችን መታ መታ እናደርገዋለን። ካልሆነ አጥፍተን እናበራዋለን። እሱም ካልሆነ «በቃ ተቃጥሏል» ብለን ወይ ለጠጋኝ ወይ ለቆራሌው እናስረክበዋለን።

ከሦስቱም በፊት ግን ሳንቲም የማያስወጣ አንድ ዘዴ አለ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ከዚያ ማዳመጥ። ስልኩንም፣ ገመዱንም፣ ስፒከሩንም በአንዴ ከነካካችሁ ድምጹ ቢስተካከል እንኳ የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም። አንድ በአንድ ከሄዳችሁ ግን ጥፋቱ ራሱ ያለበትን ቦታ ይነግራችኋል። ይሄ ዘዴ እኛ ሰፈር፣ ቤቴል ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ቴፕ አዳነ። ከቴፑም የበለጠ ነገር አዳነ፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

የጋሼ ቴፕ

የተከራየሁበት ግቢ እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ግቢዎች ነው። ፊት ለፊት የአከራዮቹ ቤት፣ ከጀርባ በመደዳ የተሠሩ ሰርቪሶች፣ ለሁላችንም አንድ ቆጣሪ። ከሰርቪሶቹ በአንዱ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ይኖራሉ። ካሴት፣ ሬዲዮና ሲዲ የሚያጫውት፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ያለው ቴፕ አላቸው። ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ ከፍ አድርገው ነው የሚሰሙት። እኛም ለምደነዋል።

ካሴቶቻቸው በካርቶን ተደርድረዋል። አንደኛው ዘፈን የለበትም። ባሕር ማዶ የነበረችው እህታቸው፣ ስልክ መደወል ውድ በነበረበት ዘመን፣ በገዛ ድምጿ ቀድታ የላከችላቸው ሰላምታ ነው። እህትየው ዛሬ በሕይወት የለችም። ሌላ ቅጂም የለውም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ድምጹ ተበላሸ። ሰኞ አመሻሽ ላይ አንድ ጠጋኝ መጥቶ ቆሞ አዳመጠና «አምፕሊፋየሩ ሄዷል፣ ዕቃውም አሁን አይገኝም» አላቸው። እንዳለ በርካሽ ልግዛዎት ብሎም ጠየቀ። ጋሼ ሊሰጡት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ስትነካካ ነው የምትውለው፣ እስኪ አንዴ እየው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይሽጡት፤ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው።

አንደኛ፦ ድምጹ ከየት ነው የሚመጣው?

ካሴቱን አወጣንና ኤፍኤም ከፈትን። ይሄ ቀላል ነገር ብዙ ይነግራችኋል። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ካሴቱ ብቻ ከሻከረ፣ አምፕሊፋየሩም ስፒከሩም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ካሴቱ ወይም የካሴት ማጫወቻው ላይ ነው። ሸገር 102.1ን ሞከርን፤ ሻከረ። ፋና 98.1 አደረግነው፤ ያው። ስለዚህ ካሴቱ ነጻ ወጣ።

እናንተ ዘፈን የምትከፍቱት በስልክ ከሆነ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ስልካችሁ ላይ ኢኳላይዘር ወይም «ቤዝ ቡስት» የሚባል ነገር በርቶ ሊሆን ይችላል። ቤዙን ወደ ላይ ስትገፉት ድምጹ ገና ከስልኩ ሳይወጣ ጣሪያ ይነካና ጫፉ ይቆረጣል። አንዴ የተቆረጠን ድምጽ የትኛውም ስፒከር አይቀጥለውም። ኢኳላይዘሩን አጥፉት፣ የስልኩን ድምጽ ትንሽ ቀንሱና ስቴሪዮውን ጨምሩ። በብሉቱዝ ተበላሽቶ በኦክስ ገመድ ከተስተካከለ ጥፋቱ የብሉቱዙ ነው። በኦክስ ተበላሽቶ ሶኬቱን ስታዞሩት ከተሻለው ደግሞ ገመዱ ወይም የሚሰካበት ቀዳዳ ነው።

ዘፈኑ ራሱ የተበላሸ ሊሆንም ይችላል። ዩቲዩብ ላይ ያሉ ብዙ የድሮ ዘፈኖች ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ ከርመው የመጡ ናቸው። ለማረጋገጥ አንድ ዘፈን በሁለት ዓይነት ቅጂ ስሙ። ለምሳሌ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች 7ኛ ቅጽ ላይ አለ። እሱ ጥርት ብሎ ሌላው ከሻከረ፣ ስፒከራችሁን አትውቀሱት።

ሁለተኛ፦ ግራና ቀኙን አለዋውጡ

ቴፑን አጠፋን፣ ከሶኬት ነቀልን። የግራውን ስፒከር ገመድ በቀኙ፣ የቀኙን በግራው ቦታ ሰካን። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚሻክረው የግራው ስፒከር ቢሆንና ገመዱ ከተቀየረ በኋላም እዚያው ግራው ላይ ቢቀር፣ በሽተኛው ስፒከሩ ወይም የራሱ ገመድ ነው። መሻከሩ ወደ ቀኙ ስፒከር ቢዛወር ግን በሽታው ቴፑ ውስጥ ነው።

ስፒከር እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ ምርመራው ይቀላል። ዛሬም የምንጠቀምበትን ዓይነት ስፒከር ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከወረቀቱ ጀርባ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሽቦው በማግኔት መካከል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወረቀቱ አየሩን ይገፋል። ሽቦውና ማግኔቱ ከተነካኩ ፍግፍግ የሚል ድምጽ ይመጣል። በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ስፖንጅም ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈረፈራል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች ከመሐሉ እኩል ራቅ ብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ከፈገፈገ ሽቦው ተጣሟል ማለት ነው። ስፖንጁ ብቻ ከተቀደደ ግን ስፒከሩ አልሞተም፤ ስፖንጁ ተገዝቶ ይለጠፋል።

ቴስተር ያለው ሰው ከአጠገባችሁ ካለ ደግሞ ስፒከሩን ከቴፑ ነቅላችሁ ለኩት። ጀርባው ላይ 8 ኦም የተጻፈበት ጤነኛ ስፒከር ከ6 እስከ 7 ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል።

የጋሼን ስናለዋውጥ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ግራውም ቀኙም እኩል ይሻክራሉ። ሁለት ስፒከር በአንድ ምሽት፣ በእኩል መጠን ይበላሻል ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ስፒከሮቹም ነጻ ወጡ። የቀረው ሁለቱም የሚጋሩት ነገር ነው፤ ወይ የቴፑ ሆድ፣ ወይ የሚበላው መብራት።

ሦስተኛ፦ በስንት ሰዓት?

እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው፣ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ና ስማ» አሉኝ።

ቴፑ ጥርት ብሏል። ማታ በነበረበት ከፍታ፣ ያው ካሴት፣ ያው ስፒከር። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። የተቃጠለ አምፕሊፋየር ደግሞ ጠዋት ጠዋት አይድንም።

«ጋሼ፣ ማታ ሲሻክር አምፖሉስ እንዴት ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ደብዘዝ ይላል መሰለኝ። እትዬ እንጀራ ሲጋግሩ ሁሌም ትንሽ ይደበዝዛል።»

አከራያችንን ምጣዱን እንዲያበሩልን ለመንናቸው። ወጥ ቤቱና የጋሼ ክፍል መብራት የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው። ከጎረቤት በተዋስነው ቴስተር ሶኬቱን ስንለካ 221 ቮልት ነበር። ምጣዱ ሲበራ 190 ወረደ። በዚያው ቅጽበት ቴፑ ሻከረ፤ መሐል መሐል ላይም «ቋ፣ ቋ» ማለት ጀመረ። ምጣዱ ሲጠፋ ዳነ። ሦስቴ ደጋገምነው፤ ሦስቴም ያው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በብዙ አሮጌ ቴፖች ውስጥ አምፕሊፋየሩ የሚያገኘው ኃይል ከሶኬቱ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ፣ ቴፑ ሳይሻክር ሊያወጣ የሚችለው ትልቁ ኃይል በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ከፍ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ከበሮው በመታ ቁጥር ጣሪያ ይነካል፤ የድምጹ ጫፍ ይቆረጣል። ይሄ ዓይነቱ የተቆረጠ ድምጽ ሲቆይ ቀጭኑን ድምጽ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር ሊያቃጥላት ይችላል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ቮሊዩሙን መቀነስ ነው፤ መጨመር አይደለም።

ቴፑ የተናገረው

ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ምጣዱ ድሮም ነበረ፤ ታዲያ ለምን ቅዳሜ ማታ ጀመረው?

መልሱን ያገኘው የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነው። ከቆጣሪው አጥፍቶ፣ ከወጥ ቤቱ በላይ ገመዶቹ የሚገናኙበትን ሳጥን ከፈተ። አንደኛው መገጣጠሚያ ላልቶ ጠቁሯል። የገመዱ ፕላስቲክ ቀልጦ ተጣብቋል። «ቋ፣ ቋ» ይል የነበረው እዚያ የሚፈናጠረው ብልጭታ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። በ190 ቮልት ሲሠራ በሽቦው ውስጥ ወደ 14 አምፒር ያልፋል። በላላው መገጣጠሚያ ላይ 10 ቮልት ብቻ ቢጠፋ፣ 10 ሲባዛ በ14፣ 140 ዋት ሙቀት ይሆናል። ጠጋኞች ሽቦ የሚበይዱበት ካውያ ብዙ ጊዜ 60 ዋት ነው። ከሁለት ካውያ በላይ፣ ጣውላ ኮርኒስ ውስጥ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ሲግል አስቡት። ከሥሩ ደግሞ ሰው ይተኛል፤ በመደዳው ሕጻናት አሉ።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ትሉ ይሆናል። ብሬከር የሚወርደው ብዙ አምፒር ሲያልፍ ነው። የላላ መገጣጠሚያ አምፒር አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። ስለዚህ ዝም ብሎ ያያል። በዚያ ግቢ ውስጥ ችግሩን የተናገረ ዕቃ ቢኖር የጋሼ ቴፕ ብቻ ነበር።

መገጣጠሚያው ተቆርጦ በአዲስ ተሠራ፤ ለምጣዱም ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ተዘረጋለት። ወጪውን አከራዮቹ ቻሉት። ያኔ ማታ እንጀራው እየተጋገረ ቴፑ ጥርት ብሎ ዘፈነ። በማግስቱ የእህትየውን ካሴት ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ላፕቶፕ፣ ከዚያም ወደ ስልካቸው ቀዳንላቸው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካሴት ካለ አትዘግዩ። ስትቀዱ ግን መጠኑን ዝቅ አድርጉት፤ ዝቅ ያለ ድምጽ በኋላ ይነሳል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

እጃችሁን የምትሰበስቡበት ጊዜ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከውጭ የሚሠራ ነው። የቴፑን ክዳን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወዲያው ንቀሉት። ቴፑ «ፕሮቴክት» ብሎ ደጋግሞ ከጠፋ አትከራከሩት፤ ስፒከሮቹን እየጠበቀ ነው። ቮሊዩም ስትቀንሱም የማይቀንስ «እምምም» የሚል ድምጽ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ያረጀ ካፓሲተር ወይም የገመድ አገናኝ ችግር ነው። ቮሊዩሙን ስታዞሩት ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ቁልፉ ውስጥ አቧራ ገብቷል፣ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል።

አንድ ምልክት ግን ከሁሉም ይከፋል። ምጣድ ወይም ምድጃ ሲበራ አምፖላችሁ እንደመደብዘዝ ከልክ በላይ ከደመቀ፣ የኒውትራል መስመሩ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ 220 የለመደ ዕቃ እስከ 380 ቮልት ሊደርሰው ይችላል። ሁሉንም ነቃቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ጠጋኝ ጋ መሄድ ግድ ከሆነም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስልካችሁን አውጡና ድምጹ ሲበላሽ 30 ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹ። ከሥሩ ሦስት ነገር ጻፉበት፦ በምን ስታጫውቱ፣ በየትኛው ጎን፣ በስንት ሰዓት። ይሄን ይዞ የመጣን ደንበኛ «ተቃጥሏል» ብሎ መሸኘት ቀላል አይደለም።