ቦርጭ ብቻ አይደለም፦ የሴቶች የሆድ ጡንቻና የታችኛው ሆድ መግፋት

ወልዳ የተነሳች ሴት ሆዷ ቶሎ ካልገባ ምክር አታጣም። አንዷ መቀነት አጥብቀሽ እሰሪ ትላታለች፤ ሌላዋ በየማለዳው ሲት አፕ ሥሪ ትላለች፤ ሦስተኛዋ እራት ይቅርብሽ ብላ ትመክራለች። ያልወለደችም ብትሆን፣ ሰውነቷ ቀጭን ሆኖ ከእምብርቷ በታች ወጣ ያለ ነገር ካላት፣ ያው ምክር ይደርሳታል። ሆዱ የገፋው በምን ምክንያት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። የታችኛው ሆድ በስብ፣ በጡንቻ መላላት፣ በአንጀት አየርና ድርቀት፣ በማህፀን ዕጢ፣ በኦፕራሲዮን ጠባሳ፣ ወይም ከእነዚህ በሁለትና ሦስቱ ድምር ሊገፋ ይችላል። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይሠራም፤ አንዳንዴም አስፈላጊውን ሕክምና ያዘገያል።

ከአሠራሩ እንጀምር። በደረትና በብልት አጥንት መካከል ቀጥ ብለው የሚወርዱት ሁለት ጡንቻዎች በሰፊው የሚታወቁት ናቸው፤ ስፖርተኞች ላይ ሲክስ ፓክ የሚባለው የእነሱ ቅርጽ ነው። በጎንና በጎን ሁለት ድርብ ሰያፍ ጡንቻዎች አሉ። ከሁሉም ሥር ደግሞ ወገብን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚይዝ አግድም ጡንቻ ይገኛል። ከላይ ድያፍራም የሚባለው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች፣ ከኋላ አከርካሪን የሚደግፉት ትንንሽ ጡንቻዎች ሲጨመሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ኮር የሚሉት ይሟላል። ስንተነፍስ፣ ስናስል፣ ዕቃ ስናነሳ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት የሚቆጣጠሩት ተባብረው ነው። አውስትራሊያውያኑ ተመራማሪዎች ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ ሰው ክንዱን ሊያነሳ ሲል አግድሙ ጡንቻ ከክንዱ ቀድሞ እንደሚጠብቅ፣ የወገብ ሕመም ባለባቸው ላይ ግን እንደሚዘገይ አሳይተዋል። የኮር ስፖርት በዓለም ዙሪያ እንዲስፋፋ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ከእምብርት በታች ያለው ክፍል ከላይኛው ይለያል። ላይ በኩል ቀጥ ያሉት ጡንቻዎች ከፊትም ከኋላም በጠንካራ የጅማት ሽፋን ታቅፈዋል። በእምብርትና በብልት አጥንት አጋማሽ አካባቢ ግን የኋላው ሽፋን ያበቃና የጎን ጡንቻዎቹ ጅማት በሙሉ በፊት በኩል ያልፋል። ስንቆም የሆድ ዕቃ ክብደት የሚጫነው እዚሁ የታችኛው ክፍል ላይ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሰውነት ደግሞ በኤስትሮጅን ሆርሞን ምክንያት ስብን በዳሌ፣ በጭንና ከቆዳ ሥር በታችኛው ሆድ ማስቀመጥ ይቀናዋል። ስለዚህ ጤነኛና ጠንካራ በሆነች ሴት ላይም መጠነኛ የታችኛው ሆድ ክብነት የተፈጥሮ ቅርጿ ነው። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በሽታ ባልሆነ ነገር ራሳቸውን የሚያስርቡ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸውና።

እርግዝና ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ማህፀን እያደገ ሲሄድ ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ይራራቃሉ፤ መሃላቸውን የሚያያይዘው ነጭ የጅማት መስመርም ይሰፋል፣ ይሳሳል። ሐኪሞች ዳያስታሲስ ሬክታይ ይሉታል። በፖርቱጋል የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 84 ሴቶችን በአልትራሳውንድ የተከታተለና በ2015 የታተመ ጥናት፣ በ35ኛው የእርግዝና ሳምንት መራራቁን ያገኘው ሁሉም ላይ ነው። ከወለዱ በስድስት ወራቸው 39 በመቶዎቹ ላይ አልተመለሰም ነበር። በኖርዌይ 300 ሴቶችን በእጅ እየዳሰሰ የመረመረው የ2016 ጥናት ደግሞ በወለዱ በስድስተኛው ሳምንት 60 በመቶ፣ በስድስት ወር 45 በመቶ ገደማ፣ በዓመቱ 33 በመቶ ገደማ ላይ መራራቁን አግኝቷል። ዓመት ሞልቷት ሆዷ ያልተሰበሰበ እናት ብቻዋን አይደለችም፤ ስንፍናዋም አይደለም።

ከዚሁ የኖርዌይ ጥናት ብዙም የማይነገር ሌላ ውጤት አለ። ጡንቻቸው የተራራቀባቸው ሴቶች ካልተራራቀባቸው የበለጠ የወገብ ሕመም አልነበራቸውም። ክፍተቱን ብቻ በጣት እየለኩ መጨነቅ ብዙ አይጠቅምም የምለው ለዚህ ነው። ጨርሶ ባልወለዱ ሴቶች ላይ እንኳ ክፍተት አለ፤ በ2009 የታተመ 150 ያልወለዱ ሴቶችን ያካተተ ልኬት፣ ከእምብርት በላይ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 22 ሚሊ ሜትር፣ ከእምብርት በታች 2 ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 16 ሚሊ ሜትር ያለውን ስፋት እንደ ተለመደ ይቆጥረዋል። ከስፋቱ ይልቅ ጅማቱ ግፊት ሲመጣበት መወጠር መቻሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ይህን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ጣቶችን እምብርት ላይና ከእምብርት በላይና በታች አግድም አድርጎ ራስን ቀስ ብሎ ከመሬት ማንሳት ነው። ሁለቱ ጡንቻዎች ግራና ቀኝ ሲጠነክሩ መሃላቸው ያለው ጉድጓድ ስፋቱም ጥልቀቱም በጣት ይታወቃል። መሃሉ ላይ ቁመቱን ተከትሎ ጉብ የሚል ነገር ከታየ ጅማቱ ግፊቱን እንዳልቻለ ያሳያል። እምብርት አካባቢ ለብቻው ክብ ሆኖ የሚወጣ፣ የሚያምም ወይም ተመልሶ የማይገባ እብጠት ግን ሄርኒያ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ሲት አፕን በተመለከተ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የወለደች ሴት ራሷንና ትከሻዋን ከመሬት የምታነሳበትን ስፖርት ፈጽሞ እንዳትሠራ ስትመከር ቆይታለች፤ ክፍተቱን ያሰፋል ተብሎ ስለሚፈራ። ኖርዌይ ውስጥ የተሠራውና በ2023 የታተመው ጥናት ይህን ፈተነ። ክፍተት ያለባቸው 70 የወለዱ ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ለ12 ሳምንት ያንኑ ሲከለከል የነበረ ስፖርት ቀስ በቀስ እያጠነከረ ሠራ። የሆድ ጉልበታቸው ጨመረ፤ ክፍተታቸው አልሰፋም፤ አልጠበበምም። ከዚህ የምወስደው፣ ስፖርት ጡንቻን የሚያጠነክር እንጂ የተሳሳ ጅማትን ወደ ነበረበት የሚመልስ ተአምር እንዳልሆነና የፍርሃቱም ልክ የተጋነነ እንደነበረ ነው። በምጥ የወለደች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርጋታ መተንፈስን፣ አየር እያስወጡ የታችኛውን ሆድ በቀስታ ወደ ውስጥ መሳብን፣ የዳሌ ወለልን ማጥበቅንና መራመድን ልትጀምር ትችላለች። ከዚያ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋት፣ ቁጭ ብድግ፣ በመጨረሻም ፕላንክ ይመጣል። መሃሉ ጉብ ካለ፣ ትንፋሽ ካስያዘ ወይም ሽንት ካስመለጠ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ቁስሏ መዳኑን በሐኪም ታረጋግጥ። ጠባሳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ሲያያዝ፣ ከላዩ ያለው ቆዳና ስብ እንደ እጥፋት ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ይህን ሲት አፕ አይነካውም።

ስብን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የሆድ ስፖርት የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። በ2011 የታተመ አነስተኛ ጥናት 24 ሰዎችን ይዞ፣ ስድስት ሳምንት የሆድ ስፖርት የሠሩት ካልሠሩት ጋር በሆድ ስብ እንዳልተለያዩ አሳይቷል። ስብ የሚቀንሰው ከመላ ሰውነት ነው፤ በምግብ፣ በእንቅስቃሴና በእንቅልፍ። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ስቡ ከቆዳ ሥር ይልቅ ወደ ውስጥ፣ በሆድ ዕቃ ዙሪያ መከማቸት ይጀምራል፤ ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጠው ይህኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴት የወገብ ዙሪያ ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሥጋቱ እንደሚጨምር፣ ከ88 ሲያልፍ ደግሞ በብዙ እንደሚጨምር ይገልጻል።

ጠዋት ጠፍጣፋ ሆኖ ማታ የሚነፋ ሆድ ግን ስብ አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ባርሴሎና ያሉ ተመራማሪዎች በሲቲ ስካን ሲያዩ ያገኙት ያልተጠበቀ ነበር፦ ብዙዎቹ ላይ የአየሩ መጠን እምብዛም አልጨመረም። ድያፍራማቸው ወደ ታች ሲወርድ የፊት ሆድ ግድግዳቸው ይላላና የሆድ ዕቃው ወደ ፊት ይገፋል። ማለትም ሆዱ የሚወጣው በጡንቻዎቹ የመናበብ ችግር ነው። አተነፋፈስን ማሠልጠን ለእነዚህ ሰዎች ለውጥ አምጥቷል። የቆየ የሆድ ድርቀትም የታችኛውን ሆድ ይነፋል፤ ሲያምጡ ደግሞ የዳሌ ወለልን ይጎዳል።

ሊታለፉ የማይገቡ ምልክቶችም አሉ። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠነከረ የሚሄድ፣ ሲነኩት ጠጣር የሆነ የታችኛው ሆድ ማዮማ የሚባለው የማህፀን ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ የወር አበባ መብዛትና ቶሎ ቶሎ መሽናት አብረውት ይመጣሉ። ማዮማ እጅግ የተለመደ ነው፤ በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እስከ 50 ዓመታቸው ከ100 ጥቁር ሴቶች ከ80 በላይ የሚሆኑት፣ ከነጮቹ ደግሞ 70 የሚጠጉት እንደሚያበቅሉት ገምቷል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ለሳምንታት የማይለቅ አዲስ የሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካጋጠማት የእንቁላል ከረጢት ካንሰር አለመሆኑ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። "ቦርጭ ነው" እየተባለ ወራት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው።

መቀነትና ኮርሴት ከወሊድ በኋላ ለወገብ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ለመነሳትና ለመራመድ ድፍረት ይጨምራሉ። ሴቷ እስክትጨነቅ ማጥበቅ ግን ግፊቱን ወደ ታች፣ ገና ከወሊድ ባላገገመው የዳሌ ወለል ላይ ይልከዋል፤ ጡንቻውንም በማሠራት ፈንታ ያሳርፈዋል። ቀዶ ሕክምናን በሚመለከት፣ ጅማቱን መስፋትና ትርፍ ቆዳን ማንሳት ይቻላል፤ ሐኪሞች የሚመክሩት ልጅ መውለድ ላበቃችና ስፖርቱን በአግባቡ ሞክራ ችግሩ ላልለቀቃት ነው።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር ዓይን የሚያርፈው በሚታየው ሆድ ላይ ነው። የማይታየው የዳሌ ወለል ግን ከሁሉ የከበደ ጉዳት የሚደርስበት ነው፤ በእኛ አገርም ስለ ሆድ ጡንቻ ጤና ሲነሳ መቅደም ያለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬጅል በ1948 እነዚህን ጡንቻዎች በስፖርት ማጠንከር እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ቡድን በ2018 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ሲያስሉና ሲስቁ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ይህን ስፖርት የሠሩት ድኛለሁ የማለት ዕድላቸው ካልሠሩት ስምንት እጥፍ ገደማ መሆኑን አረጋግጧል። መሣሪያ አይፈልግም፤ ሽንትንና አየርን የሚይዙትን ጡንቻዎች ወደ ላይ ስቦ ጥቂት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ፣ በየቀኑ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር።

በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ 395 ሴቶችን ያካተተውና በ2013 የታተመው ጥናት የዳሌ ወለል ጉዳት ምን ያህል እንደተሸፈነ ያሳያል። የማህፀን መውረድ ምልክት አለብኝ ያሉት ከ100 ስድስት ገደማ ነበሩ። ምርመራ ከተደረገላቸው ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ደረጃ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆነ መውረድ ተገኘ። በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ዕቃ መሸከም፣ የረዘመ ምጥና ደጋ ገጠር ላይ መኖር ከችግሩ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። የአራስነት ወጉ ዕረፍትን ያዛል፤ እንጨትና ውኃ የምትሸከም እናት ግን ጀሪካኑን ሳታገግም ትመለስበታለች። ለእሷ የሆድ ጡንቻ ጤና ማለት ሸክሙን መቀነስ፣ ውኃውን ማቅረብ፣ ቤተሰቡም የአራስነቱን ጊዜ እንዲያከብርላት ማድረግ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ በሴቶች የዳሌ ጤና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች በየጤና ጣቢያው እስኪደርሱ ግን ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ሊደረግ የሚችል ቀላል ነገር አለ። እናት ልጇን በ45ኛ ቀኑ ለክትባት ይዛ ትመጣለች። በዚያው ቀን ነርሷ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለእናትየዋ ሦስት ጥያቄ ልታቀርብ ትችላለች፦ ስታስዪ ሽንት ያመልጥሻል? ወደ ታች የሚወርድ ወይም የሚከብድ ነገር ይሰማሻል? ስትነሺ ሆድሽ መሃል ላይ ጉብ ይላል? ለአንዱ እንኳ አዎ ካለች ስፖርቱን አሳይቶ ማሰናበት ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።