ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም

ጥቅምት ሲገባ የጅማና የአካባቢዋ የቡና ከተሞች መንገድ ይጨናነቃል። ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ገነትና ከሸቤ በኩል ቡና የጫነ ፒክአፕና አይሱዙ፣ ከትራክተር ኋላ የሚጎተት ተሳቢ ሌት ተቀን ይመላለሳል። በዚያ ጭነትና በዚያ መንገድ ጎማ መተንፈሱ አይቀርም። ሾፌሩ ይወርዳል፣ ረዳቱ ይከተለዋል፣ ከወንበር ሥር ክሪክ ይፈለጋል። የግል መኪና ያለው ቤተሰብማ አብዛኛውን ጊዜ የክሪኩን መልክ የሚያየው ያን ዕለት ነው።

ነርስ ስለ ክሪክ ምን አገባት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በጤና ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የቡና ወቅት የሚያመጣቸውን ጉዳቶች አይቻለሁ። ከዛፍ የወደቀ አለ፣ ከጭነት ላይ የተንሸራተተ አለ፣ ከክሪክ ላይ የወረደ መኪና የጨፈለቀውም አለ። አንድ ወጣት ረዳት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጎማው ወልቋል፣ አንዲት ብሎን ተንከባልላ ከመኪናው ሥር ገባች፤ እጁን ሰዶ ሊያወጣት ሲል ክሪኩ በጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ሕይወቱ ተረፈች፣ ሦስት ጣቶቹ ግን ዳግመኛ አልታዘዙለትም። እናቱ አልጋው አጠገብ ቆመው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ሲስተር፣ ክሪኩ እኮ አዲስ ነው!»

እውነታቸውን ነው፣ ክሪኩ አዲስ ነበር። ነገር ግን ለዚያ መሬት የሚሆን አልነበረም።

ሱቅ ስትገቡ በብዛት የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መቀስ የሚታጠፈው፣ በጥርስ የሚሽከረከረው ነው። ቀላል ነው፣ ዘይት አያፈስም፤ ከትንንሽ መኪኖች ጋር አብሮ የሚመጣው ይኸው ነው። የተሠራው ግን ለዚያችው መኪና ስለሆነ ጭነት ለያዘ ፒክአፕ አይበቃም። ሁለተኛው ጠርሙስ የሚመስለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ነው። አሠራሩ እንደ መርፌ ስሪንጅ ነው። ትንሿ ፒስተን የምትገፋው ዘይት ትልቁን ፒስተን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ስለዚህ የሰው ክንድ ብዙ ቶን ማንሣት ይችላል። ሦስተኛው ረጅምና ዝቅ ያለ፣ በትንንሽ ጎማዎች የሚሽከረከረው ነው። ይህ ሲሚንቶ ወለል ላለው ጋራዥ እንጂ ለጭቃና ለኮረት አይሆንም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ።

መጀመሪያ ክብደት። አንድ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ቢይዝ፣ 15 ጆንያ 900 ኪሎ ነው። ሁለት ቶን የሚጠጋ ፒክአፕ ላይ ሲጫን ወደ ሦስት ቶን ይደርሳል። ክሪኩ የሚያነሣው አንዱን ጥግ ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ካጋደለ ሸክሙ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ስለዚህ ለፒክአፕ ሦስት ቶንና ከዚያ በላይ፣ ለአይሱዙ አሥር ቶን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ። የምታነሡበት ቀን ከተቻለ ጭነቱን ቀንሱ፤ ሰው ግን ሳይቀር ሁሉም ይውረድ።

ቀጥሎ ቁመት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎማ ሲተነፍስ መኪናው ዝቅ ይላል፣ የጠርሙሱ ክሪክም ከሥሩ አልገባ ይላል። በተቃራኒው ከፍ ላለ ፒክአፕ የመቀሱ ክሪክ አይደርስም። ደግሞም የሚገባው ስኮርታ አየር የሞላ ስለሆነ ከተነፈሰው ይልቅ ከፍታ ይፈልጋል። መፍትሔው ሜትር ይዞ መለካት ነው። ጎማው በተነፈሰ ጊዜ ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን እወቁ። የክሪኩ ዝቅተኛ ቁመት ከዚያ ያነሰ፣ ከፍተኛው ደግሞ ስኮርታውን የሚያስገባ ይሁን።

ሦስተኛው መሬት ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ አገር ናት፤ ቀይ አፈራችን ሲርስ የክሪክን ትንሽ መቀመጫ እንደ ቂጣ ይውጠዋል። ስለዚህ ከክሪኩ ጋር ጠንካራ ጣውላ ግዙ። የጅማ በርጩማ ከሚሠራበት ዋንዛ፣ ሠላሳ በሠላሳ ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ አምስት የሆነ ቁራጭ ይበቃል። ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ብሎኬት ሳይታሰብ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱንም ከክሪክ ሥር አታድርጉ።

ተሳቢ የሚጎትት ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። ተሳቢው ቡና ይጫን ጄኔሬተር፣ ወይም ወደ ግልገል ጊቤ ሐይቅ የምትሄድ ጀልባ፣ የሚጎትተው መኪና ክሪክ ለእሱ ይሆናል ብላችሁ አትመኑ። የተሳቢው ቁመት ይለያል፣ የብሎኖቹም መጠን ሊለያይ ስለሚችል የጎማ መፍቻውን ቤት ሳላችሁ ሞክሩት። ተሳቢውን ከመኪናው አትፍቱት፤ ከተፈታ ይሽከረከራል ወይም አፍጢሙ ይደፋል። ባሌስትራ ያለው ከሆነ ክሪኩን ከአክስሉ ሥር፣ ለባሌስትራው ቀረብ አድርጋችሁ አስገቡ። ሻንሲውን ካነሣችሁ ባሌስትራው ሲዘረጋ ጎማው መሬቱን አይለቅም፣ ብዙ ከፍታም ይጠፋባችኋል። አንዳንድ ተሳቢ ግን ባሌስትራ የለውም፣ አክስሉም በክሪክ እንዲነካ አይፈቀድም፤ ስትገዙ ሻጩን ጠይቁ።

መንገድ ላይ ሥራው ተራ አለው። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ደልዳላ ቦታ ቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ ሳለ አላሏቸው እንጂ አትፍቷቸው። ከዚያ አንሡ። መኪናው እንደተነሣ ስኮርታውን ከክሪኩ አጠገብ፣ ከሻንሲው ሥር አጋድሙት፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። የተነፈሰው ሲወጣ ቦታ ይለዋወጣሉ። እጅም ሆነ ራስ ከመኪናው ሥር አይግባ፤ ብሎን ብትገባ በእንጨት ጎትቱ። ስትጨርሱ ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይ ከመንገዱ አንሡ። በጊቤ ቁልቁለት ማታ የሚመጣው ሾፌር ድንጋዩን አያየውም።

የዘይት ክሪክ እንክብካቤ ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ዘይቱ ሲጎድል የክሪክ ዘይት ጨምሩ እንጂ የፍሬን ዘይት አታድርጉ፣ የውስጥ ጎሚኒውን ያበላሸዋል። ስታወርዱ ማስተንፈሻውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የደም ግፊት መለኪያ አየር እንዴት እንደምንለቅ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቀስ በቀስ ነው።

ሁሉ ነገር ተደርጎም አደጋ ቢደርስ፣ የተያዘውን አካል በጉልበት አትጎትቱ። በሌላ ክሪክ ወይም በብዙ ሰው መኪናውን አንሡ፣ ወዲያውም ከሥሩ ደጋፊ አስገቡ። ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ሰውዬው «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በ1941 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በለንደን የቦምብ ድብደባ ከፍርስራሽ የወጡ ሰዎችን ያከሙት ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች፣ ለረጅም ሰዓት የተጨፈለቀ ጡንቻ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ጽፈዋል። ስለዚህ ለሐኪሙ ለስንት ደቂቃ እንደተያዘ ንገሩት፣ ሽንቱ ከጠቆረም አትደብቁ።

በመጪው እሑድ ክሪኩን፣ መፍቻውንና ጣውላውን ከቤታችሁ ደጅ አውጡ። ስኮርታው አየር መያዙን እዩ። መኪናውን አንድ ጊዜ አንሡና አውርዱ፤ መንዳት የጀመረው ልጅም፣ የምትነዳው እመቤትም በየተራ ይሞክሩ። ዘይት ካፈሰሰ ወይም ቀስ እያለ ከወረደ፣ ወደ መንገድ ሳትወጡ አስጠግኑት።