ጥርሱ ተቆጥሮ የሚታወቅ ተክል

ከገዳሪፍ ሜዳ ተነስቶ በገላባትና በመተማ አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ሞስን አይቶ ሳያየው ያልፋል። ድንጋይና ግንድ ላይ የሚነጠፈው አረንጓዴ ተክል ነው። ሥርም አበባም የለውም፤ የሚራባው በስፖር ነው።

በበጋ ቡናማ ሆኖ ያየው ሁሉ ሞቷል ብሎ ይፍቀዋል። እባካችሁ ተዉት! ብዙው ዝርያ ደርቆ ዝናብ ይጠብቃል እንጂ አልሞተም፤ ውኃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ቅጠሉን ይዘረጋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ጥርሱ ነው። ከቅጠሉ በላይ በቀጭን ዘንግ ጫፍ የስፖር ከረጢት ይቆማል። ሲበስል ክዳኑ ይወድቅና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩት ጥርሶች ይገለጣሉ። ጥርስ የሌላቸው ዝርያዎች ቢኖሩም፣ ያላቸው 4፣ 8፣ 16፣ 32 ወይም 64 አላቸው። በብዙዎቹ ጥርሶቹ አየሩ ሲረጥብ ይገጥማሉ፣ ሲደርቅ ይከፈታሉ፤ ስፖሩም ነፋስ ሊያርቀው በሚችልበት ሰዓት ይወጣል። ረድፉ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ጥርሱ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ? ዝምድናው የሚለየው በዚህ ነውና ከረጢቱን ትቶ ቅጠል ብቻ የሚለቅም ሰው ግማሹን ማስረጃ ጫካ ጥሎ ይመጣል።

አዲስ ዝርያ የሚለቀመው ተራራ ላይ ቢሆንም አዲስነቱ የሚታወቀው ማይክሮስኮፕ ሥር፣ ከዘመዶቹ ናሙና ጋር ሲተያይ ነው። ከዚያ መግለጫው ይታተማል፤ ስሙን የሚሸከመው ናሙናም በሄርባሪየም፣ ማለትም በደረቁ ተክሎች ማከማቻ፣ ይቀመጣል። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ መግለጫው በላቲን መጻፍ ነበረበት፤ ዛሬ እንግሊዝኛም ይበቃል።

እንዲህ ያለ ናሙና ከለቀሙት አንዱ፣ ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር፣ በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በ1878 እስኪሞት ድረስ ከሰሜንና ከትግራይ ተክል ይለቅም ነበር። ዘመዱ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ በአውሮፓ ስመ ጥር የሞስ ሊቅ ነበር። ሌላው ተክል ለቃሚ ጊዮርግ ሽቫይንፉርት ከገላባት በለቀማቸው ተክሎች ወረቀት ላይ «መተማ፣ 1865» የሚል ይነበባል። ቦታና ጊዜ ያልተጻፈበት ናሙና ግን ለተመራማሪ ድርቆሽ ነው።

ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በ8 ቅጽ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሞስን አይጨምርም። የሥነ ዕፅዋት ተማሪዎች ሆይ፣ የሞሱ ቅጽ እናንተን ይጠብቃል። ስትለቅሙ ከረጢቱን አትርሱ፤ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጻፉ።