ማረሻው መሬት ሲነክስ ሞተሩ የሚቆራረጥ ትራክተር

እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135 ያለ የቆየ ትራክተር በሚኒሞ ደህና እየሰራ ማረሻው መሬት ሲነክስ ቢቆራረጥ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚደረገው ፖምፓው ነው። ናፍጣ ያልደረሰው ፖምፓ ግን ምን ይረጫል? በእርሻ ወቅት ፖምፓ አስፈትቶ ከተማ መላክ የእርሻ ቀን ይበላል። ፍተሻው ከሰልባትዮው ይጀመር።

በቅድሚያ ጭሱን ይመልከቱ። ጥቁር ጭስ እያወጣ ከደከመ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው ይታይ፤ አቧራ በበዛበት ማሳ ቶሎ ይታፈናል። ያለ ጭስ ከደከመ ግን ናፍጣ እያጠረው ነው። የሰልባትዮውን ክዳን ላላ አድርገው ይሞክሩት፤ ከተሻለው የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልተሻለው ከናፍጣ ማጣሪያው ስር ውሃውንና ዝቃጩን ያፍስሱ፤ የቆሸሸ የወረቀት ማጣሪያ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም።

ማጣሪያ ሲቀየር አየር ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በማጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ያላሉና ናፍጣ መግፊያውን በእጅ ደጋግመው ይምቱ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ያጥብቁት። በፖምፓው ላይ ላለውም ብሎን እንዲሁ ያድርጉ። አረፋው በማግስቱ ከተመለሰ ከሰልባትዮው የሚመጣው መስመር አየር ይስባል። ይህ መስመር አየር እየሳበም ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ሞተሩ እየሰራ ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በእጅ አይዳስሱ። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ነጥብ ቢያክልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካልተሻለ፣ የታሸገውን የፖምፓ ብሎን ሳይነኩ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን የመፈተሻ መሳሪያ ላለው ጋራዥ ይስጡ።