ባልባላ፤ ከሽቦው ውጭ የተቆረቆረው ሰፈርና የነዋሪው ድምፅ

በጅቡቲ ከተማ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ተንጣሎ የሚታየው ባልባላ፥ መሐንዲስ ሳይነድፈው የተቆረቆረ ሰፈር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን በጎበኙ ጊዜ ነጻነት የሚጠይቅ ሰልፍ ስለ ተነሣ፥ የፈረንሳይ አስተዳደር ከተማይቱን በእሾህ ሽቦ አጥሮ መግቢያዋን በኬላ ዘጋ። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣው ሰው ኬላውን ማለፍ ስላልተፈቀደለት፥ ከአጥሩ ውጭ በጣውላና በቆርቆሮ ቤቱን ቀለሰ። አገሪቱ በሰኔ 1977 ነጻ ከወጣች በኋላም ሰፈሩ እየሰፋ ሄደ እንጂ አልተበተነም።

መሬቱ የመንግሥት በመሆኑ የብዙው ነዋሪ ማስረጃ ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ነው፤ ይህም እንኳ የሌለው ጥቂት አይደለም። የሱቅ ባለቤት ቤቱን በድንጋይ ለመሥራት ገንዘብ ቢኖረው፥ ነገ ይፈርስብኛል ብሎ በመስጋት ቆርቆሮውን በቆርቆሮ ይለውጣል። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል፤ ዋስትና የሌለው ንብረት ብድር አያስገኝም።

በ2006 በተደረገው የመጀመሪያው የአካባቢ ምርጫ ከተማይቱ ራስ ዲካ፥ ቡላዖስና ባልባላ በሚባሉ ሦስት ኮሙኖች ተከፍላ የየራሳቸው ምክር ቤት ተመረጠላቸው። በ2018 ደግሞ መንግሥት የደሳሳ መንደሮችን ኑሮ ለማሻሻል ያሰበውን ሥራ የዓለም ባንክ በ20 ሚሊዮን ዶላር ደገፈ። ነዋሪው ስለ ሰፈሩ እንዲጠየቅ ማድረግም ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ ታስቧል።

ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። የውሃ ቦቴና የእሳት አደጋ መኪና እንዲገባ መንገድ መስፋት አለበት፤ መንገድ ከሰፋ ደግሞ የአንዱ ማድ ቤት፥ የሌላው ሱቅ ይነሣል። ነዋሪው የሚጠራው መሥመሩ ከተሰመረ በኋላ ከሆነ፥ ለእርሱ የሚቀርለት ስለ ካሣው መከራከር ብቻ ነው። አስቀድሞ ቢጠየቅ ግን መሐንዲሱ ከካርታ የማያገኘውን ያመለክተው ነበር፤ በሚያዝያ 2004 አምቡሊ ሞልቶ ከተማይቱን ባጥለቀለቀ ጊዜ፥ በኅዳር 2019ም ዝናቡ በበረታ ጊዜ፥ ጎርፉ በየትኛው ቀጭን መተላለፊያ እንደ ወረደ ያየው በዚያ የሚያድረው ሰው ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው በስብሰባው ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ነው። ሽማግሌዎችና ባለ ፈቃዶች በቀላሉ ይገኛሉ። በየወሩ ኪራይ የሚከፍለው የወደብ ወዛደር ግን ውሎው ከመርከብ ሥር ስለ ሆነ አይገኝም፤ መንገዱ ሲቃና የባለቤቱ ቤት ዋጋ ያወጣል፥ በእርሱ ላይ ኪራይ ይጨመርበታል። ከኢትዮጵያ ተሻግረው የሚኖሩ ብዙዎችም የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ስማቸውን ማስመዝገብ ይፈራሉ። ቤት የሚቈጠረው በባለይዞታው ስም ብቻ ከሆነ፥ እነዚህ ሰዎች ቤቱ ሲፈርስ ካሣ ተቀባይ ሆነው አይገኙም።